በቲማይማ ቋሊማ የተገዛ ወንበር

ይድረስ ለውድ ዋርሳዬ፤

በዚያ ሁሉ ነፋስ መሐል ቤትሽን ያቆመ አምላክ ስሙ ይክበር። እንደምን ሰነበትሽ? የኩሽናሽ ምሰሶ ተጠገነ ወይስ አሁንም በጀልባ ገመድ ታስሮ ነው የቆመው? የሰንበት ተማሪዎችሽ ዘንድሮስ መዝሙር ያዙልሽ? አባታችን እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? ዓይናቸውስ? ባለፈው ደብዳቤሽ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚመጣውን ጀልባ በሞተሩ ድምፅ እንጂ በቀለሙ መለየት ትተዋል ያልሽኝ ነገር፣ እህል ስበላም ስጸልይም አብሮኝ ይውላል።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይከራከረኛል እንጂ ከብርቱካን ማሸጊያው ቤት ቀርቼ አላውቅም፤ ያቺኑ የዕቃ ማንሻ መኪና እነዳለሁ። ልጆቹም ደኅና ናቸው። አናሴይኒ ሲድኒ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ኢሶአ መኪና መጠገኑን ይዟል፤ ትንሿ ራይጂኤሊም የነርስነት ትምህርት ቤት ገብታለች። ሦስቱም ወጥተው፣ እኔ እዚህ ግሪፊት ለአምስት ሰው የታሰበ ቤት ብቻዬን እጠርጋለሁ።

«ደብዳቤህ እንደ እንግዳ ሰባኪ ነው፤ መግቢያው ሳያልቅ ምእመኑ ያንቀላፋል» ብለሽኝ ነበር። እሺ፣ ወደ ነገሬ ልግባ። ተናድጃለሁ፣ ዋርሳዬ። እንዲህ ተናድጄ ብዕር ይዤ አላውቅም። ቃሌ ከገደፈ ይቅር በዪኝ፤ እግዚአብሔርንም ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ፣ ግን ሁለት ጊዜ ተንበርክኬ ሁለት ጊዜም እንደተናደድኩ ነው የተነሳሁት።

«አውሮፕላኑን እየጠበቃችሁ ነው ወይስ እየሠራችሁት?» ብለሽ ከጠየቅሽኝ ቆየ። ቀልድሽ ገብቶኛል፤ ከቀልዱ ሥር ያለውም ገብቶኛል። ልጆቹ የእናታቸውን መንደር እስካሁን አልረገጡም። አባታችን ዓይናቸው ሳይጠፋ የቫሲቲን ልጆች ፊት ማየት ይፈልጋሉ። ለምን እንደዘገየን ልንገርሽ።

ነገሩን የጀመረችው እህትሽ ቫሲቲ ናት። ባንኩ ካርድ ሰጣት። በካርዱ ዕቃ በገዛሽ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርልሻል፤ ነጥቡ ሲበዛ አየር መንገድ ወስደሽ በወንበር ትለውጪዋለሽ። ቫሲቲ ይህን ስትሰማ እኔን አላማከረችም፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ማኅበር ሴቶች ነው ያማከረችው። ታውቂያት የለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማኅበሩ ለቤተ ክርስቲያን ግብር ሊገዛ ሲሄድ፣ ገንዘቡን ከሁሉም በእጇ ተቀብላ በካርዷ ከፈለች። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። የማንም ቤት አስቤዛ፣ የቲማይማ ቋሊማ፣ የአፔኒሳ የመኪና ጎማ፣ የመዘምራን ልብስ፣ ሁሉም በቫሲቲ ካርድ ያልፋል። ሰዎቹ ጥሬ ገንዘቡን እዚያው ይሰጧታል፤ እሷ ሰኞ ጠዋት ለባንኩ ትከፍላለች። አንድም ቀን ወለድ አልከፈልንም። ገንዘብ መክፈያው ሰልፍ ላይ ከኋላችን ያሉ ነጮች ዓይናቸውን ወደ ጣራ ሲሰቅሉ፣ እሷ ፈገግ ብላ «ይቅርታ፣ እኛ ብዙ ነን» ትላቸው ነበር።

ዓላማው አንድ ነበር፤ አምስታችን በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ረድፍ ተቀምጠን መጥተን፣ ልጆቹን በወጉ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠን ፊታቸውን ለመንደራችሁ ማሳየት። ያለችን ገንዘብ ለምንጣፉና ለድግሱ ናት፣ አውሮፕላኑ በነጥብ ነው ትል ነበር።

ግን እኛ ስንጠጋ ወንበሩ ይሸሻል። ለአምስት ሰው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የወንበሩ ነጥብ ከፍ ይላል። ቫሲቲ ትስቃለች፣ «እንግዲህ ቲማይማ ቋሊማ ትብላ» ትላለች፤ እንደገና እንጀምራለን። ከዚያ ታመመች። የሆነውን ታውቂያለሽ።

ከቀብሩ በኋላ የሐዘኑ ሰው ሲበተን ካርዱ ወደ እኔ ስም ዞረ፤ አናሴይኒ ስልኬ ላይ ከፍታ ነጥቡን አሳየችኝ። «አባዬ፣ ለአራት ሰው በቅቷል» አለችኝ። ልጅቷ ክፉ አላሰበችም። እኔ ግን ያን ቃል ጠላሁት። ለአምስት ስንት ዓመት እምቢ ያለው ነጥብ፣ እሷ ስትጎድል በቃ። ያን ወንበር ቆርጬ፣ የበቃበትን ምክንያት ታቅፌ አውሮፕላን ላይ ልቀመጥ? አልቻልኩም። ሐዘኑ ይውጣ አልኩ። ሐዘኑ ወጣ። ትንሽ ይጨመርበት አልኩ። ቲማይማም፣ አፔኒሳም፣ ሁሉም በካርዱ መግዛታቸውን አልተዉም፤ «የቫሲቲ ልጆች ይሂዱ» እያሉ ገንዘባቸውን በእጄ ያስጨብጡኝ ነበር።

አሁን ንዴቴን ስሚኝ።

በአዲሱ ዓመት የጸሎት ሳምንት እንደምናደርገው ስልካችንን በቤተ ክርስቲያኑ በር ዘንቢል ውስጥ አስቀምጠን ገባን። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ስልኩን አይነካም፤ ዘንቢሉን የፓስተሩ ሚስት ትቆልፍበታለች። እዚያ ውስጥ እኛ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንግሥታትም ሳይቀር ስንጸልይ፣ አየር መንገዱ በኢሜይል ጽፎልኝ ኖሯል። እሑድ ስልኬን ከዘንቢሉ አንስቼ አነበብኩት። ሲጀምር «ደስ የሚል ዜና አለን» ይላል። «የተሻለ ልናገለግልዎ ስለምንፈልግ» ይላል። ከዚያ ታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ወደ ደሴቶቻችን የሚወስደው ወንበር ነጥብ ወደ እጥፍ ተጠግቷል ይላል፤ በድሮው መቁረጥ የሚቻለው እስከ ዓርብ ድረስ ብቻ ነው። ዓርብ አልፏል። ዓርብ ዕለት እኔ ተንበርክኬ ነበር።

ሲነጥቁሽ ይቅርታ እንኳ አይሉም፣ ዋርሳዬ፤ ደስ ይበልሽ ነው የሚሉሽ። ሌባ እንኳ ሌሊት በጓሮ ይገባል፣ ያፍራል። እነዚህ ግን በፊት በር ገብተው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ስምሽን በትክክል ጠርተው ነው። የኛ ሰው ገበያ ላይ ሚዛኑን በጣቱ ቢጫን ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሳል። እነሱ ሚዛኑን ራሱን ለወጡት፤ «ማሻሻያ» አሉት።

ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንድ ለስላሳ ልጅ አነሳ። የጸሎት ሳምንት እንደነበርና ስንት ነጥብ እንዳለኝ ነገርኩት። በጣም እንደሚያዝን ነገረኝ፤ ሲያዝን ድምፁ አይለወጥም። በያዝኩት ነጥብ አሁን ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ እንደሚሆን፣ ካልፈለግሁ ደግሞ በዕቃ ልለውጠው እንደምችል ነገረኝ። «በጣም ጥሩ የውሃ ማፍያ አለን፣ ጌታዬ» አለኝ። እኔም፣ «ልጄ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ሊያዩ ዓይናቸውን በግድ ከፍተው የሚጠብቁ ሽማግሌ አሉኝ። ውሃ ላፍላላቸው?» አልኩት። ከዚያ ሌላ የምረዳዎ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

በዚያው እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ወንዶቹ የያንጎናውን መጠጥ ሳህን ከበን ስንቀመጥ ነገርኳቸው። መጠጡ ምላስ ያደነዝዛል ይባላል፤ የአፔኒሳን ምላስ ግን እስካሁን ያደነዘዘው ነገር አላየሁም። ዲያቆን ሆኖ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አሁንም ያው ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለኝ። «ጎማዬን የበላችው ላም ናት በላ?» ሰዎቹ ሳቁ። ፓስተሩ ደግሞ በቀስታ፣ በምድር መዝገብ ላይ ስለ ብልና ስለ ዝገት የተጻፈውን አስታወሱኝ። አክብሬ ሰማኋቸው። በልቤ ግን ስለ ብልና ስለ ዝገት አውቅ ነበር፣ ስለ ኢሜይል ግን የተጻፈ የለም አልኩ።

ሴቶቹ ከኩሽናው ሰምተው ኖሮ፣ ቲማይማ ማማሰያዋን እንደያዘች መጣች። እኔ የመጣችው ልትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር፤ መብቷም ነው። ከነጥቡ ግማሽ ያህሉ የሷ ቋሊማ ነው።

«አፔኒሳ፣ አንተ ጎማህን አግኝተሃል፤ እየነዳህበት ነው» አለችው። «እኔም ቋሊማዬን በልቻለሁ። የጎደለብን የለም። የጎደለባት ቫሲቲ ናት። ከመሳቅህ ይልቅ የዚህን ሰው ወንበር የሚያስመልስ ሰው ብታውቅ ተናገር፤ ካላወቅህ ጠጣና አቀብል።»

አፔኒሳ ጠጥቶ አቀበለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ዋርሳዬ፣ ያን ጊዜ ንዴቴን መረመርኩት። በአየር መንገዱ ላይ ያለኝ ንዴት እውነት ነው፣ አልክድም። ግን የሰው ሁሉ ገንዘብ ተሰልፎበት የመጣን ነገር፣ ወንበሩን ማየት ስላቃተኝ አስቀምጬ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ሐዘን ከሰው ሁሉ ፊት የሚያስቀድም መብት አይሰጥም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ነው።

ቲማይማ «ሰው ብታውቅ» ስትል፣ ጎረቤቴ እማማ ዶሜኒካ ትዝ አሉኝ። የጣልያን አሮጊት ናቸው፤ ጸጉር ሠሪ ነበሩ፤ በየዓመቱ በመኸር አገራቸው እህታቸው ዘንድ ይሄዳሉ፤ ሄደው የሚመለሱትም ከፊት፣ አልጋ በሚሆነው ወንበር ላይ ተኝተው ነው። እኔ ሁልጊዜ ባለጠጋ ይመስሉኝ ነበር። ለካ በነጥብ ነው። አንድ ሳጥን ብርቱካን ይዤላቸው ሄድኩ።

በመጀመሪያ እማማ ዶሜኒካ፣ ልጆቹ ሦስቱም ለምን መሄድ እንዳለባቸው አልገባቸውም። አንዷ ትሂድና ሰላም ትበል አሉ። ልጅ የእናቱን መንደር ዝም ብሎ ገብቶ «እንዴት ናችሁ» የሚልበት እንዳልሆነ፣ በወጉ ፊቱ እስኪታይ ድረስ እንግዳም ዘመድም እንዳልሆነ፣ አንዱን ቀድሞ ወስዶ ሌላውን ማስቀረት ደግሞ ለቀረው ስድብ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሰሙኝና፣ «የኛ አክስቶችም እንደዚሁ ነበሩ» አሉ።

ከዚያ ስንት ዓመት እንዳጠራቀምን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። «አንተ ሰው፣ ነጥብ እንደ ዓሣ ነው፤ በያዝክበት ቀን ይበላል። አንተ አልጋ ሥር አስቀምጠኸው ሲሸት ዓሣ አጥማጁን ትሰድባለህ።»

እሱም ይሰደብ እንጂ አልኳቸው።

«ይሰደብ» አሉ። «እኔ ከአርባ ዓመት በላይ እየሰደብኩት ነው። ግን እየሰደብኩት እበርራለሁ።»

መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ተቀበሉኝ። ትንሽ ቆይተው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ነጥቡን ወደ አየር መንገዱ አዛውሬዋለሁ ወይስ ገና ባንኩ ዘንድ ነው? ማዛወር ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ያለማወቄ ነው ያዳነኝ። ነጥቡ ሁሉ አሁንም ባንኩ ዘንድ ተቀምጧል፤ ባንኩ ደግሞ የሚያዛውረው ለአንድ አየር መንገድ ብቻ አይደለም። እኛ በስም የምናውቀው አንዱን ስለነበር፣ እሱ በሩን ሲዘጋ ዓለም የተዘጋ መሰለን። እማማ ዶሜኒካ አንድ አነስ ያለ አየር መንገድ አሳዩኝ፤ ወደ አገራችን፣ ወደ ናዲ ይበርራል፤ የወንበሩ ነጥብ ገና እንደድሮው ነው። እጄ ወደ ስልኩ ሲሄድ መቱኝ። «ቆይ! መጀመሪያ ወንበሩን በዓይንህ እይ፤ ከዚያ ነጥቡን ታዛውራለህ። አንዴ ከሄደ አይመለስም። ወንበር የሌለበት ነጥብ ይዘው የሚያለቅሱ ስንቶች አሉ መሰለህ።» አየን። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ አንድም ባዶ የለም። ወደ ነሐሴ ገፋን። ቅዳሜ የለም፤ እሑድ የለም። ማክሰኞ ላይ አራት ወንበር በአንድ ረድፍ አገኘን። ዋርሳዬ፣ በአንድ ረድፍ። እኔ የሰው ቤት ውስጥ፣ የቲማቲም ማሰሮ መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ እማማ ዶሜኒካም «ሌላ ሰው ሳይወስደው ቶሎ ተጫን፣ በኋላ ታለቅሳለህ» አሉኝ።

ስለዚህ ለአባታችን ንገሪያቸው፤ ሦስቱም እየመጡ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከሱቫ በሚነሳው ጀልባ እንደርሳለን። ምንጣፎቹን የማኅበሩ ሴቶች ገዝተዋል፤ በወጉ የምናቀርበው የዓሣ ነባሪ ጥርስ ሱቫ እህቴ ዘንድ ነው። ጥርሱን ሳቀርብ የምናገረውን እንዳልረሳ ስለማመድ፣ ኢሶአ በስልክ እየሰማኝ ይስቃል። አንቺ በኔ ላይ የምትስቂውን ለሌላ ቀን አቆዪው፤ በዚያች ዕለት እንኳ ራሪልኝ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ስለሱ ብዙ ጊዜ ጸልያለሁ። ወደ አምላክ የወሰድኩት ንዴቴን ብቻ አይደለም።

እማማ ዶሜኒካ እንዳስረዱኝ፣ በነጥብ ሲሆን መሄጃው ለብቻው፣ መመለሻው ለብቻው ነው የሚቆረጠው፤ በገንዘብ እንደሚገዛው አንድ ላይ ስላልተሳሰረ አንዱን ብቻ በመቁረጥሽ የምትከስሪው የለም። ወደዚያ አራት ወንበር ቆረጥኩ። ወደዚህ ሦስት። እማማ ዶሜኒካ የስልኩን ማያ ወደ እኔ አዙረው፣ «አንድ ረስተሃል» አሉኝ። አልረሳሁም አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ቆይተው አዩኝ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ የቲማቲም ማሰሮ ሰጥተው ሸኙኝ። የተረፈችውን ነጥብ ለቲማይማ እናት አደረግኋት፤ ለገና ከናዲ ወደ ሲድኒ ይመጣሉ፤ መመለሻቸውን ልጆቻቸው ይችላሉ። ቲማይማ በደስታ ማማሰያዋን ጣለች። በማሸጊያው ቤት ላለው አለቃዬም ከነሐሴ ወዲያ ሌላ ነጂ እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ።

አናሴይኒ ትኬቶቹን ስልክ ላይ ስትቆጥራቸው አፏ ተከፈተ። ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን የእናቷ ልጅ ናት። «የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ትሰጠኛለህ» አለችኝ። ሰጠኋት።

ዋርሳዬ፣ ባልሽን ባሕሩ ከወሰደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እኔም ሐዘኔን ጨርሻለሁ አልልሽም፤ ግን አብሮ መኖር ተምረናል፣ እሱና እኔ። አባታችን የሚደግፋቸው ሰው ሲያስፈልጋቸው አንቺ ብቻሽን ነሽ። የኩሽና ምሰሶ በገመድ አይቆምም። የማውቀው ዕቃ ማንሳት ነው፤ እንጨትም ዕቃ ነው።

ጀልባዋ ስትደርስ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰዉ ሁሉ እነሱን ያያል፤ እንደዚያ ነው የሚገባውም። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ዳር እቆማለሁ። «የመንደሩ ፓስተር ቤት ይደር» ብትዪ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው ቅር አይለኝም፤ እንደ ሁልጊዜው ትስቂብኛለሽ፣ እኔም እስቃለሁ። ሻንጣውን ግን አንቺ ራስሽ ከእጄ ከተቀበልሽኝ፣ ወዴት እንደምትወስጂው አልጠይቅሽም።

አባታችንን ሁለት እጃቸውን ሳሚልኝ። የሚጠብቅሽ አምላክ ጣራሽን ይጠብቅ፤ የጀልባውን መንገድ ያለስልስ፤ ዓይናቸውንም እስከ ነሐሴ ብርሃን ያቆይላቸው።

በመንገድ ላይ ያለው፣
ዋርሳሽ